የሲቲና የሰዋስው ደቦ

በዚህ ዓለም ላይ ሰዋስው የማያውቅ ሰው የለም። የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ቧንቧውን ከፍቶ «ውኃው ጠፋ» ባለ ቅጽበት፣ ስሙንም ግሱንም በየቦታቸው አስቀምጧል፤ ማንም አላስተማረውም፤ የምስክር ወረቀትም አልጠየቀም። ያንኑ ሰው ጠርታችሁ «ከተናገርኸው ውስጥ ግሱን አውጣ» ብትሉት ግን ምን ይሆናል? ላብ በላብ ይሆናል። ግሱን እቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስል ኪሱን ይደባብሳል። በነገራችን ላይ «የለም» ብዬ መጀመሬ ትንሽ ተለጥጧል፤ ላርመው፤ ሰዋስው የማያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንዲህ ይሻላል።

እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር አርጅቼ፣ ዛሬ አሶሳ ላይ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ትውልዴ ደብረ ዘይት ነው። ሐይቅ ያለው ማለቴ አይደለም፤ የወንበራው። ይህንን ማረሚያ ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ስለኖርሁ፣ እርማት ሥራዬ ከመሆኑ በፊት ዕጣዬ እንደነበረ ይሰማኛል። ባለቤቴ አለምነሽ እንደምትለው ከሆነ፣ ሰው ለቅሶ ሊደርሰን መጥቶ ሲያጽናናኝ እንኳ ቃሉን ሳላስተካክልለት አልቀርም። ተጋንኗል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረግሁት፤ እሱም ሰውዬው ሟቹን በስሕተት በእኔ ስም ስለጠራው ነው።

እንግዲህ ክረምቱ እየወጣ ሳለ፣ ከሰፈራችን የምትኖረው ሲቲና በራችንን አንኳኳች። ሲቲና በከተማችን ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎችን የምታጸዳ፣ ንግግሯ አጭር፣ ፈገግታዋ ረዥም የሆነች ሴት ናት። ቤቷ እናቷና እሷ ብቻ ናቸው፤ የሚያኖራቸውም ያው የእሷ ሥራ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በርታኛ ስለሆነ አማርኛዋ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን፣ ወንድንና ሴትን አይለይም፤ እኔን «አንተ» ትለኛለች፤ ጓደኛዋን ዘይነብንም «እሱ» ትላለች። ይህን አርሜላት አላውቅም። ሁሉን የምታርም ሰውዬ ይህን እንዴት አለፍኸው ትሉኝ እንደሆነ፣ እኔ በበርታኛ ሰላምታ ስሰጥ በሰሚዎቼ ፊት ላይ የሚሆነውን ስለማውቅ ነው።

የመጣችበት ጉዳይ እንዲህ ነበር። ወገቧ ታሟል። ሐኪሙ ጎንበስ ብላ መሥራት እንድትተው ነግሯታል። ወለል ደግሞ ጎንበስ ካላሉለት የማይጸዳ ነገር ነው። የማረፊያው ባለቤት፣ ከተማው ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸው ደግ ሰው፣ ሊያሰናብቷት አልፈለጉም፤ ነገር ግን ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እንግዳ የሚቀበለው ሰው ወንበር። እሱ ወንበር በቅርቡ ባዶ ሆኗል። ለእሱ ወንበር ግን ፈተና አለ፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈትኑትም በሐጂ የተጋበዙ ወጣት መምህርት ናቸው። ሲቲና ካለፈች ተቀምጣ ትሠራለች። ካላለፈች ቤቷ ትገባለች፤ ከእናቷ ጋር ተፋጥጣ ትቀመጣለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያነሰም የበለጠም የለውም።

«ፈተናው ምን ምን አለው?» አልኋት። ሐጂ የነገሯትን በጣቶቿ ቆጠረችልኝ፤ ናውን፣ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ፣ ሌላም ሌላም፤ በመጨረሻ ጥቂት ዓረፍተ ነገር መጻፍና መናገር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ልጠይቅ። አንድ እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ በባጃጅ ተንገጫግጮ፣ ሻንጣውን ታቅፎ ሲደርስ፣ ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት «እመቤት፣ ለመሆኑ ናውን ምንድን ነው?» ብሎ ያውቃል? አድጀክቲቭ ካልተተነተነልኝ ፎጣ አልቀበልም ያለ መንገደኛ አሶሳ ገብቶ ያውቃል? ይህን ስል ግን እጄን አፌ ላይ ማድረግ አለብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ስጠይቅ የኖርሁት ይህንኑ ነው፤ ልጆቼም ያደጉት በዚሁ ጥያቄ ደመወዝ ነው። ደግሞም ስም ጥቅም አለው። ዕቃ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከተከመረበት የሚወጣው ስሙን ጠርቶ «አምጣልኝ» የሚል ሰው ሲኖር ነው። ሰዋስውም እንዲሁ ነው። ስሙን ያወቁት ቃል ይታዘዛል። ይታዘዛል እንኳ አይባልም፤ ቢያንስ ሲጠሩት ዞር ይላል።

በማግስቱ በረንዳዬን አስጠረግሁ፤ ከመምህርነቴ የተረፈችኝን ጥቁር ሰሌዳ አጠብሁ፤ አግዳሚ አወጣሁ። ሲቲና ግን መጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች። ትምህርቱ በእሷ ግቢ መሆን አለበት አለች። ለምን ብላት፣ ሥራው የእሷ ስለሆነ በእሷ ቤት መሠራት እንዳለበት ነገረችኝ። እኔም የተማሪ ኩራት ነው ብዬ አደነቅሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈም ነበር።

ባጃጅ ጠራሁ። ሰሌዳው እንደ ትልቅ ባለሥልጣን የኋላውን ወንበር ሙሉውን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔ እንደ ጸሐፊው ከሹፌሩ ጎን ተጣበቅሁ። ስንደርስ በሲቲና ግቢ ውስጥ፣ ወቅቱ አልፎበት ፍሬ በሌለው የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሦስት ሴቶች ተቀምጠው ይጠብቁናል።

ላስተዋውቃችሁ። አንደኛዋ አምና ናት፤ ገበያ ላይ ለውዝ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ማጉያ ይደርሳል። ሁለተኛዋ ዘይነብ ናት፤ አፏን የፈታችው እንደ ሲቲናና እንደ አምና በበርታኛ ነው፤ ተቀምጣ ያየኋት በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ሙሉ ናት፤ ወላጆቿ በሰፈራው ዘመን ከወሎ ሲመጡ በጀርባ ታዝላ የመጣች፣ ያደገችው እዚሁ ሲሆን አነጋገሯ ግን አሁንም ትናንት ከደሴ የወረደ የሚመስል። ሦስቱም የሲቲና የልብ ጓደኞች ናቸው።

እኔ ለአንዲት ተማሪ መጥቼ አራት ሳገኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ እንዴት ልንገራችሁ? ትምህርት ተጠማ አልሁ በልቤ። ሕዝብ ነቃ አልሁ። ንግግር አደረግሁ፤ አጭር ንግግር። አለምነሽ ይህን ካነበበች ስለምትስቅ ላርመው፤ ንግግር አደረግሁ።

ከዚያ «ናውን» ብዬ ጻፍሁ። ናውን ማለት የሰው፣ የቦታ፣ የነገር ስም ነው ብዬ ሳስረዳ አምና ወደ ፊት ተሳበች። ሰው? ቦታ? ዕቃ? ደግማ ጠየቀችኝና፣ እንደዚያ ከሆነ ገበያ ላይ ጮኸው የሚጠሩት ሁሉ ናውን ነው ማለት ነው አለች። ልክ ነሽ አልኋት። «እንግዲያ ይሄ ለእኔ» አለች። እኔ ይህን የጉጉት አነጋገር አድርጌ ተቀበልሁት። ቀጥዬ «ቨርብ» ብዬ ጻፍሁ፤ ድርጊት ነው፣ ያለ እሱ ናውን ሁሉ ዝም ብሎ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል አልሁ። ዘይነብ ብድግ ብላ፣ ያንን እሷ እንደያዘችው አስታወቀች። አድጀክቲቭ ላይ ስደርስ ሙሉ ነጠላዋን አጣፋችና «ጋሼ፣ ይቺ ናውኑን የምናማበት ቃል ናት ማለት ነው?» አለችኝ። ረዥም፣ አጭር፣ ስስታም፣ ቸር እያልሁ ምሳሌ ስሰጥ ከቆየሁ በኋላ፣ አይደለችም ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ናት አልኋት። «በቃ እቺን ለኔ ተውልኝ» አለች። ፕሪፖዚሽንም ከላይ፣ ከታች፣ ከሥር እያለ መንገድ የሚመራ ነገር መሆኑን ስትሰማ፣ ከሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ሰው ይስማማል ብላ ጨመረችው።

ሲቲናስ? ሲቲና በየመሐሉ እየመጣች ቆማ ታዳምጣለች፤ እንደ መልካም አስተናጋጅ ሁሉን በፈገግታ ታያለች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ትምህርቱ ሲያልቅ የባምያ ወጥ የፈሰሰበት ትልቅ ገንፎ ይዛ ወጣች። ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥም ተከተለ። መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለሦስቱ። እሷ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቀመሰች። ለመምህር የሚሰጥ ክብር እንደ ቀድሞው ዘመን ገና አልጠፋም ብዬ በላሁ። ጥሩ ገንፎ ነበር። ላርመው፤ እጅግ ጥሩ ገንፎ ነበር።

እንዲህ እያልን ቀጠልን። አለምነሽ ማታ ማታ ራት የማልበላው ታምሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስተምሬ ስለምጠግብ ነው አልኋት። ገንፎ ከጢምህ ላይ ጥረግ አለችኝ።

ትምህርቱ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ይሠምር ነበር። አምና ገበያ ላይ ለውዝ ሊገዛ የቆመውን ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ከመሰላት፣ የዚህ ስሙ ምንድን ነው፣ የዚያስ እያለች ናውን ትለቅም ጀመር። ዘይነብ ቨርብን በአፏ ብቻ አትለውም፤ ትሠራዋለች። «ጃምፕ» ስትል ትዘላለች፤ «ስዊፕ» ስትል መጥረጊያ ታነሣለች፤ «ስሊፕ» ያልኋት ቀን ብቻ ነው ያስቸገረችኝ፤ ይሄ ቨርብ ሳይሆን የሰነፎች ነገር ነው አለች። ሙሉ በአድጀክቲቭ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አዳረሰች፤ እኔንም አልማረችኝም፤ «ጋሼ ስሎው ናቸው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አድጀክቲቩ በቦታው ስለነበረ አላረምኋትም።

እኔም የሚቀሩኝን ነገሮች፣ በተለይም «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉትን ሁለት ጥቃቅን አርቲክሎች፣ ለመጨረሻ አቆይቼ፣ ፈተናው ሲቃረብ አንድ ሙከራ ልስጥ ብዬ አሰብሁ። ያን ቀን ሲቲናን ከጓዳ አስጠራኋት። እጇን እየጠረገች መጥታ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። ቀላሉን ልጀምርላት ብዬ ናውን ምንድን ነው አልኋት።

«የአምና ነው» አለች።

ምሳሌ እየሰጠችኝ መሰለኝ። እሺ፣ ቨርብስ?

«የዘይነብ።»

«አድጀክቲቭ?»

«የሙሉ።»

ጠመኔዬን አስቀመጥሁ። «ሲቲና፣» አልኋት በተቻለኝ ለስላሳ ድምፅ፣ «የአንቺስ የትኛው ነው?»

ሲቲና ጥያቄው ግራ አጋብቷት ዞር ብላ ወደ ጓዳዋ አየች። «የእኔ?» አለች። «ገንፎው።»

አንባቢዬ፣ እኔ ብዙ ፈተና የፈተንሁ ሰው ነኝ። ብዙ ዓይነት የተሳሳተ መልስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ትክክለኛ መልስ ግን አይቼ አላውቅም። ነገሩ ሁሉ እንደ ንጋት ቀስ እያለ ፊት ለፊቴ ተገለጠ። ለካ እኔ ክፍል የመሰለኝ ክፍል አልነበረም፤ ደቦ ነበር። ሙሉ ጅጌ ትለዋለች፤ በእኛ በወንበራ ብድሩ የሚመለስ ከሆነ ወንፈል እንለዋለን፤ በበርታኛም የራሱ ስም አለው፤ እሱን ግን እዚህ ለመጻፍ አልደፍርም፤ አበላሸዋለሁ። የሰው እርሻ ሲበዛበት ጎረቤት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይይዛል፤ ባለ እርሻው ግን በዚያን ዕለት አያጎነብስም፤ የእሱ ሥራ ለሠራተኛው ምግብ ማቅረብ ነው። ሲቲና ደግሞ ፈተና የሚባል ትልቅ እርሻ መጣባት። ጓደኞቿ እንዴት ብቻዋን ይተዋት? ወጡላት። ናውኑን አንዷ፣ ቨርቡን አንዷ፣ አድጀክቲቩን አንዷ ተከፋፈሉት። እሷም በደንቡ መሠረት አበላቻቸው። እንግሊዝኛው አልቋል፤ እርሻው ታርሷል። ከባለ እርሻዋ በስተቀር ሁሉም ያውቀዋል።

ፈተናውን የምትፈተነው ብቻዋን መሆኑን ስነግራቸው፣ ዘይነብ እንኳ ቆመች፤ ማለቴ ቆማ ነበር፤ መንቀሳቀስ አቆመች።

«ብቻውን?» አለች። «ክፍል ውስጥ ብቻውን ቁጭ ይላል? ማንም አይረዳውም?»

እንዲህ ነው አልኋት።

«ይሄን ማን ነው ያመጣው?»

ጥያቄዋ የሙግት አልነበረም፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም መልስ ፈለግሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪና ተማሪን አራርቄ ሳስቀምጥ፣ የአንዱ ዐይን ወደ ሌላው ወረቀት እንዳይሻገር በመደዳዎች መካከል ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ ኩረጃ ኩረጃ ነው፤ አሁንም አቋሜ አልተለወጠም። ነገር ግን ይህን ማን እንዳመጣው ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሥራ ሁሉ በጋራ በሚሠራበት አገር፣ ዕውቀት ለብቻ የሚለካበት ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለዘይነብ በሚገባት ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርሁ። ስጨርስ ለእኔም አልገባኝም።

አምና ቀላል መፍትሔ አመጣች፤ አራቱም አብረው ይግቡ፤ ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቢጠየቁ እምቢ አይሉም። አይሆንም አልሁ። ላርመው፤ አይሆንም ለማለት አፌን ከፈትሁና፣ የሲቲናን ፊት ሳይ፣ እጠይቃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሄጄም ጠየቅሁ። ሐጂ በጥሞና አዳመጡኝ። ሲያበቃ ወደ ውስጥ ይዘውኝ ገቡና የእንግዳ መቀበያውን ወንበር አሳዩኝ። «መምህር፣ ወንበሩ አንድ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ መልስ ምን ይታረማል?

ወሬውን ይዤ ስመለስ ሙሉ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። የቀረው ጊዜ አጭር ነበር፤ ሁሉንም እንደገና ከሀ ለመጀመር የማይበቃ። እኔም ተስፋ ቆርጬ እንዳልመስል ብዬ ሰሌዳውን ሳጸዳው፣ ሳጸዳው፣ ንጹሑን ሰሌዳ ሳጸዳው ነበር። ያን ጊዜ ሲቲና ተነሣች። በመጀመሪያ ነገር የተናገረችው ስለ ፈተናው አይደለም። ያለባትን የእነሱን ብድር ጠራች።

«እነሱ ለእኔ ሠርተዋል» አለች። «እኔ ገና አልመለስኩም።»

ደንቡ ነው። የወጡለት ሰው ይወጣል። ወገቧ ስለማያጎነብስ የእርሻ ሥራ አትችልም፤ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ግን በሽ ነው፤ ወቅቱም የእሱ ነበር። የአምና ቤት ለውዝ ይፈለፈላል። የዘይነብ ቤት ባምያ ተከትፎ ለፀሐይ ይሰጣል። የሙሉ ቤት በርበሬ ይቀነጠሳል። እጅ ሲሠራ አፍ ሥራ ፈት ነው፤ ጆሮም እንዲሁ። «ለውዙን ልፈልፍል፤» አለቻት ለአምና፣ «አንተ ናውኑን ንገረኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዐይኔ በብዛት አላየሁም፤ ምክንያቱም አልተጠራሁም። ሰሌዳዬም በሲቲና ግቢ የማንጎው ግንድ ላይ ተደግፎ ቀረ፤ ዶሮዎች ሥሩ ጥላ አገኙ። ቢሆንም መምህር ነኝና እግሬ አላስቀምጠኝ ብሎ በአምና አጥር ሥር አለፍ ስል፣ ከለውዙ ቅርፊት ድምፅ ጋር እየተከተለ በርታኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ይሰማኛል። አምና አንድ የለውዝ ፍሬ አንሥታ አንድ ዕቃ ታሳያለች፤ ሲቲና የዕቃውን ስም በእንግሊዝኛ ካወቀችው ፍሬው ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል፤ ካላወቀችው አምና ራሷ ትበላዋለች። የሴትዮዋ ንብረት ስለሆነ ማንንም አልጎዳም፤ ግን ሲቲና ለውዙ እንዳያልቅ ፈርታ ትጣጣራለች። በዘይነብ ቤት ቨርብ ከቢላዋ ጋር ሄደ፤ «ከት» ስትል ትቆርጣለች፤ «ጊቭ» ስትል ትሰጣለች፤ «ሲት» ስትል፣ በመጨረሻ፣ ዘይነብም ተቀመጠች። ሙሉ ቤት ግን ማን ምን እንደሆነ በአድጀክቲቭ ሲወራ በርበሬው ሳያስነጥሳቸው እንደዋለ ነው የተነገረኝ።

እኔ ሁሉን በአማርኛ ከነገርኋቸው ይልቅ ይህ ለምን ቀለለ? አስቤበታለሁ። እኔ ሳስተምር፣ ሲቲና እንግሊዝኛው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ አማርኛዬን መሻገር ነበረባት፤ ሁለት ወንዝ ማለት ነው። አምና ጋ አንድ ብቻ ነው። ሙሉ ጋ ደግሞ ሁለቱም እየሳቁ ስለሚሻገሩ የወንዙ ብዛት አልታወቃቸውም። ይህ ግምቴ ነው፤ የተጠና ነገር አይደለም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እኔ በአጋጣሚ በማረፊያው ግቢ ጋዜጣ ሳነብ ተገኘሁ። ላርመው፤ በአጋጣሚ አይደለም፤ ጋዜጣውንም አላነበብሁም። ሦስቱ ጓደኞቿ ከአጥሩ ውጪ፣ ለእርሻ ሊወጡ እንደተዘጋጁ ሰዎች፣ ተሰልፈው ቆመዋል። ከሲቲና ሌላ ሁለት ተፈታኞች ገቡ፤ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ እስክሪብቶአቸው ሁለት ሁለት።

ብዙ ቆይተው ወጡ። ከሁሉም በኋላ ሐጂ ብቻቸውን ወጡና ወደ እኔ መጡ። እየሳቁ ነበር፤ እንዲያውም የሚንሸራተተውን ኮፊያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ነው የሚስቁት። ሲቲና ወንበሩን እንዳገኘች በመጀመሪያ ነገሩኝ፤ ደግ ሰው መጀመሪያ የሚናገረውን ያውቃል። ከዚያ ሌላውን አወጉኝ። ወጣቷ መምህርት ናውን ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሌሎቹ ከመጽሐፍ የሸመደዱትን ሲያነበንቡ፣ ሲቲና የምትለው ሁሉ የሚታይና የሚዳሰስ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ናውን ሁሉ በጣቷ እያሳየች ጠራች፤ መጋረጃው፣ ቁልፉ፣ ሻንጣው፣ ሐጂ ራሳቸው። ቨርብ ሲባል ተነሥታ ቁልፍ ሰጠች፤ እንግዳ አስቀመጠች። አድጀክቲቭ ሲባል ስለ ሐጂ አንድ ቃል ተናገረች፤ ምን እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

በጽሑፉ ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ተገኘ። የጻፈቻቸው ዓረፍተ ነገሮች፣ «ጌስት ካም»፣ «አይ ጊቭ ኪይ»፣ እንደዚህ ሁሉም ደኅና ሆነው ሳለ፣ «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉ አርቲክሎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም የሉም። መምህርቷ ገርሟቸው፣ እነዚህን ለምን ተውሻቸው ቢሏት፣ ሲቲና በረጋ መንፈስ መለሰች፤

«እሱ የማንም አይደለም።»

መምህርቷ ምንም አልገባቸውም። ማን ነው ያስተማረሽ አሏት። ናውን አምና፣ ቨርብ ዘይነብ፣ አድጀክቲቭ ሙሉ ብላ ቆጠረች። ሐጂ ነገሩን የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ እኔን ቅር እንዳይለኝ አስበው፣ «መምህርስ?» ብለው ጣልቃ ገቡ። ሲቲና አሰበች፤ የማትዋሽ ሴት ስለሆነች ረዘም አድርጋ አሰበች።

«መምህር በላ» አለች።

ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ኮፊያቸው ወደቀ። እኔ ለመቃወም አፌን ከፈትሁ። ያን ሁሉ ቀን ሰሌዳ ጭኜ፣ ጠመኔ ተንፍሼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ተናግሬ፣ ከእኔ የቀረው ይህ ብቻ ነው? ነገር ግን ልማድ ክፉ ነውና፣ ሳላስበው ዓረፍተ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። ስሙ በቦታው አለ። ግሱ በቦታው አለ። ጊዜው ኃላፊ ነው፤ ድርጊቱም በእርግጥ ተፈጽሟል። እነሆ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የማርመው የሌለበት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ እሱም ስለ ገንፎ ሆነ።

ዛሬ ሲቲና ወንበሯ ላይ ናት። ወገቧ ተሽሎታል። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብላ ትቀበለዋለች፤ ማንም እስካሁን ናውን ምንድን ነው ብሎ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቅ ግን ተዘጋጅታለች።

ወጉ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም። ባለፈው ሳምንት አምና በራችንን አንኳኳች፤ ከኋላዋ ዘይነብ፣ ሙሉና ከሥራ የወጣችው ሲቲና ነበሩ። አምና የማታ ትምህርት ልትጀምር ነው፤ የእሷም ፈተና እንግሊዝኛ አለው። ስለዚህ አሁን እርሻው የአምና ነው፤ ገንፎውም የአምና ይሆናል። እኔ ሰሌዳዬን ለማምጣት ስነሣ ዘይነብ በእጇ አስቀመጠችኝ። ሰሌዳው የዶሮዎቹ ነው፣ ይቆይላቸው አለች። በዚህኛው ደቦ ባዶ እጁን መጥቶ የሚበላ ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ድርሻ ይኖረዋል፤ ለእኔም አስበውልኛል። የትኛውን ሰጣችሁኝ አልሁ። ናውን ቢሆን፣ ቨርብ ቢሆን፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁበት ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«አንተ ትልቅ ሰው ነህ» አለችኝ ዘይነብ። «ከባድ አትሸከም። ሁለቱን ትንንሽ ውሰድ።»

«ኤ»ን እና «ዘ»ን ማለቷ ነው። ያ ያልታረሰው ጠርዝ። ሽማግሌ በደቦ ላይ ቀላሉ ሥራ እንደሚሰጠው፣ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ቀላሉ ተሰጠው። ሙሉም «ጋሼ፣ ካልቻሉ ይንገሩን፤ እናግዝዎታለን» ብላ አጽናናችኝ። የማጽናኛዋን ቃል አላረምሁም።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፎቼን አውጥቼ በጠዋት በጠዋት ድርሻዬን አጠናለሁ። «ዘ» የሚገባበትን አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን አንዳንድ ቦታ ላይ እጠራጠራለሁ፤ የማይገባበትንም ሳይ ጥርጣሬዬ ይብሳል። አለምነሽ እያለፈች ጨርሰሃል ወይ ትለኛለች፤ ገና ነኝ እላታለሁ። ደቦው ግን ዓርብ ነው። ድርሻውን ሳያጠናቅቅ ሄዶ የአምናን ገንፎ የሚበላ ሰው ያፍራል።

ላርመው፤ እያፈረ ይበላል።